ከጨረቃ ልደት እስከ ሃይሊ ጉቢ፦ የኢትዮጵያ ምድር ጥልቅ ታሪክ ቅኝት

የአገራችንን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከአክሱም ይነሳል፤ አርቆ መሄድ የሚወድ ደግሞ ከሉሲ። ሉሲ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። አጥንቷ የተገኘበት የአፋር ምድር መሰንጠቅ የጀመረው እሷ ከመኖሯ ከ25 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቀድሞ ሲሆን፣ አገሪቱ የተነጠፈችበት መሠረት አለት ደግሞ በዕድሜ ከስንጥቁ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ቅኝት ያን ረጅም ዘመን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመቃኘት ይሞክራል። የሚከተለው ሐሳብም አንድ ነው፦ ባለፉት 60 ወይም 70 ዓመታት፣ በተለይም ባለፉት 20 ዓመታት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ምድር የመላዋን ፕላኔት ታሪክ ከሚመረምሩባቸው ዋና መዝገቦች አንዱ ሆኗል። ዓለም በሙሉ በበረዶ ተሸፍና ነበር ወይ? አህጉር እንዴት ይሰነጠቃል? ውቅያኖስስ እንዴት ይወለዳል? የእነዚህ ጥያቄዎች መንገድ እዚህ ያልፋል። የየአለቱን የማዕድን ይዘት ለባለሙያው ትተን የዘመናቱን ትስስር እንከተል።

መነሻው ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1956 ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምሮ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ሲል አስታወቀ፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ እምብዛም አልተነቃነቀም። በዚያ የሕፃንነት ዘመን ቴያ የሚል ስም የተሰጣት፣ ማርስን የምታህል አካል ከምድር ጋር እንደተጋጨችና ከፍርስራሹ ጨረቃ እንደተሠራች አብዛኛው ሊቅ ይስማማል። እስካሁን ከተገኙት የምድር ቁሶች ሁሉ ጥንታዊው በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኘ የዚርኮን ቅንጣት ሲሆን ዕድሜው 4.4 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ያህል ያረጀ አለት የላትም። ሆኖም ከዚያ ዘመን ጋር ሌላ ዝምድና ሊኖራት ይችላል። 2900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ማንትል የሚባለው ንብርብር ከምድር እምብርት ጋር በሚገናኝበት ወሰን ላይ፣ ሁለት ግዙፍ ክምሮች አሉ፤ አንዱ ከአፍሪካ ሥር፣ ሌላው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ሥር። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች በውስጣቸው ሲያልፉ ፍጥነታቸው ይቀንሳልና ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቺያን ዩዋን የመራው ቡድን እነዚህ ክምሮች በግጭቱ ጊዜ ወደ ምድር ሆድ የሰጠሙ የቴያ ቅሪቶች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል መላ ምት አቀረበ። ክርክሩ ገና አልተቋጨም። ነገር ግን ከአፍሪካው ክምር ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዘነበለ የሚወጣው ሙቀት የኢትዮጵያን ደጋ እንዳነሳው ብዙ ተመራማሪዎች ስለሚያምኑ፣ መላ ምቱ ቢጸና የሰሜንን ተራሮች ከፍታ ከጨረቃ ልደት ጋር የሚያገናኝ ክር ተገኘ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ደስታ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ሩቅ መነሻ ወደ ራሳችን ምድር ስንመጣ የመጀመሪያው ትልቅ ምዕራፍ የመሠረት አለቱ ምዕራፍ ነው። ከዛሬ 900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሱዳንና ምዕራብ ዓረቢያ ያሉበት ሥፍራ ባሕር ነበር። ሊቃውንት የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ይሉታል። በባሕሩ ላይ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተራ በተራ እየበቀሉ እርስ በርስ ተጋጩ፣ ተጣበቁ፣ ተጨማደዱ። በመጨረሻም ውቅያኖሱ ተዘጋ፤ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ተገጣጠመ፤ ኢትዮጵያም ከመገጣጠሚያው ስፌት ላይ ዋለች። ይህ አለት በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤንሻንጉል፣ በጉጂና በቦረና ወደ ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። የለገደንቢ ወርቅና የዩብዶ ፕላቲነም የዚያ ግጭት ትሩፋት ናቸው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተተከለበት አለትም ከዚሁ ወገን ነው።

በዚህ ምዕራፍ መካከል፣ ከቅርብ ጊዜ ግኝቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ክፍል አለ። ከውቅሮ በስተ ሰሜን፣ በመስጊዱ በሚታወቀው ነጋሽ አካባቢ፣ መልኩ ለዓይን ብዙም የማይማርክ አለት አለ፦ በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ጠጠር፣ ድንጋይና ቋጥኝ ያለ ሥርዓት ተደባልቀው የጠጠሩበት። ወንዝ ድንጋይን በመጠኑ እየለየ ያስቀምጣል፤ የበረዶ ግግር ግን ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ፣ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይጥላል። ስለዚህ ነጋሽ ላይ ያለው የበረዶ አሻራ ነው። እንቆቅልሹ ያኔ ይህ ምድር ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኑ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ባሕር ወለል ድረስ የወረደ በረዶ ካለ፣ ዓለም በሙሉ በረዶ ለብሳ ነበር ማለት ነው።

ጊዜውን የነገረን ዚርኮን ነው። ይህ ቅንጣት ከቅልጥ አለት ውስጥ ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት እየፈረሰ የተካው ነው፤ ሁለቱን መዝኖ ማነጻጸር ዕድሜውን ይሰጣል። በትግራይ ከበረዶው ንብርብር በታች ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ የተለቀሙ ዚርኮኖች፣ የኢትዮጵያ ምሁራን በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ታላቁ ቅዝቃዜ የጀመረው ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ከካናዳና ከሌሎች አገሮች ከተገኘው ማስረጃ ጋር በመስማማት አረጋገጡ። በረዶው ከዛሬ 660 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እስካለው ጊዜ ድረስ ቆየ። ከዚህም አልፎ፣ እነዚያ ሲጋጩ የነበሩት ደሴቶች በሞቃቱ ዝናብ እየተሸረሸሩ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመምጠጣቸው ቅዝቃዜውን አባብሰዋል የሚል መላ ምት ተመራማሪዎቹ አቅርበዋል። ኢትዮጵያ ስትሠራ ዓለም በረደ እንደማለት ነው።

ቀጣዩ ዘመን ረጅምና ጸጥ ያለ በመሆኑ በፍጥነት እናልፈዋለን። በግጭቱ የተነሱት ተራሮች በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ተሸርሽረው ሜዳ ሆኑ። ጎንድዋና ወደ ደቡብ ዋልታ ስትንሸራተት ምድራችን እንደገና ሁለት ጊዜ በበረዶ ተጎበኘች፤ የእንትጮና የእዳጋ ዓርቢ አለቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። እስካሁን ያየነውን ብንጠቀልለው፦ ባሕር ተዘግቶ ምድር ሆነ፣ ምድሩ ተራራ ሆነ፣ ተራራው ሜዳ ሆነ።

ከዚያ ባሕር ተመልሶ መጣ። ጎንድዋና መበታተን ስትጀምር በጁራሲክ ዘመን ዝቅ ያለው ምድር ከደቡብ ምሥራቅ በኩል በውኃ ተጥለቀለቀ፤ ባሕሩ በኦጋዴን አልፎ እስከ ትግራይ ደረሰ። ይህን ዘመን ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ መሳፈር ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ፣ መስኮቱ ዳር የተቀመጠ ሰው ዘመናትን ወደ ኋላ ይቆጥራል። መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሥሩ የባሕር ዛጎል የያዘ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ባሕሩ ጥልቀት አጥቶ ሲተን የቀረ ጄሶ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት ወንዞች ያነጠፉት ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ያው መጽሐፍ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። የሙገር ሲሚንቶ ከዚህ የኖራ ድንጋይ ይመረታል፤ የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተፈልፍለዋል።

እነዚህን ንብርብሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የሰየመው ሰው የመጣበት መንገድ ለእኛ መራር ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ነበር። ጦሩ ወደ አፄ ቴዎድሮስ አምባ ሲገሰግስ እሱ መዶሻውን ይዞ ድንጋይ ይሰባብር ነበር። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ እንዲሁም ለላቫው ንብርብሮች የአሸንጌና የመቅደላ ምድብ የሚሉት ስሞች ከእሱ የመጡ ናቸው። ምሁራን እስካሁን ይጠቀሙባቸዋል። የዘመቻው የጉዞ መስመር በድንጋይ ስያሜ ተጽፎ ቀረ።

አሁን ወደ ታላቁ የለውጥ ነጥብ ደርሰናል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከጥልቅ የተነሳ ግዙፍ የሙቀት ዓምድ የምድርን ቅርፊት ከሥር ገፋው፤ ምድሩ ተሰነጣጥቆ ላቫ እንደ ጎርፍ ወጣ። ያ ላቫ በመጀመሪያ 600000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ምድር እንደሸፈነ ይገመታል፤ ውፍረቱም በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ግድግዳው ላይ ንብርብሩ እንደ እንጀራ በላይ በላይ ተደራርቦ አይቶታል። ቀድሞ ይህ ክምር በብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ቀስ በቀስ እንደተከመረ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የተካፈለበት ቡድን በሊማሊሞና በወገል ጤና የተሰበሰቡ ናሙናዎችን በአርጎን ዘዴ ለክቶ፣ አብዛኛው ክምር በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳየ። በምድር ታሪክ አቆጣጠር ይህ ቅጽበት ነው። በዚያው ላይ የሰሜን ተራሮች፣ ኋላም ጮቄና ጉና፣ እንደ ጋሻ የተንሰራፉ እሳተ ገሞራዎች ሆነው ተነሱ። ላሊበላም የተፈለፈለው ከዚሁ የእሳተ ገሞራ አለት ነው።

የላቫው ጎርፍ ሲቆም ከሥሩ ያለው ግፊት አልቆመም። ደጋው ከፍ ብሎ ቀረ፤ ወንዞችም ሊቆርጡት ጀመሩ። ክላውዲዮ ፋቼናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት ይህን ነገር ከኢትዮጵያ አውጥቶ እስከ ሜዲትራኒያን አደረሰው፦ ማንትል በኢትዮጵያ በኩል ወደ ላይ፣ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በኩል ወደ ታች በመፍሰሱ የዓባይ ተዳፋት ለ30 ሚሊዮን ዓመታት ወደ ሰሜን እንዳዘነበለ ቆይቷል። ያ ባይሆን ወንዙ ወደ ምዕራብ በታጠፈ ነበር። ስለ ዓባይ ውኃ በሚደረገው ማለቂያ የሌለው ድርድር ይህ ጥናት ሲጠቀስ አልሰማሁም፤ ቢጠቀስም የማንን ወገን እንደሚደግፍ አላውቅም።

ደጋው ሲነሳ ቅርፊቱ ተወጠረ፤ ሲወጠርም ተቀደደ። መጀመሪያ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፍተው ዓረቢያ ከአፍሪካ ተለየች። ኋላ፣ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በሰሜኑ ክፍል፣ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከአፋር ጋር ተያያዘ። ዛሬ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የምድር ቅርፊት ንጣፎች አፋር ላይ ተገናኝተው በሦስት አቅጣጫ ይራራቃሉ፤ በቀይ ባሕር በኩል በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በዋናው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያህል።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያናውጥ አገሪቱ ውስጥ አንድም መለኪያ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ አቋቋመ፤ ከተማዋ የተመረጠችው የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ ነበር። ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ሥራ አገኘ፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አወደመ፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ሰርዶ ፈረሰች። ጉዋን ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ ጭምር አገላብጦ የአካባቢውን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመ። ፖል ሞር የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በአንድ ጥራዝ ሰበሰበ፤ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሃሩን ታዚፍ የመራው የፈረንሳይና የጣሊያን ቡድን አፋርን በእግርና በሄሊኮፕተር አሰሰ። የንጣፎች እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ በዓለም ላይ በጸናባቸው በእነዚያው ዓመታት አፋር ንድፈ ሐሳቡ በደረቅ መሬት ላይ የሚፈተንበት ሥፍራ ሆነ።

ፈተናው በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዓይን ታየ። በአፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር ለሁለት ሳምንት ያህል ሳታቋርጥ ተንቀጠቀጠች፤ ዳኡሬ በተባለው ቦታ አመድ ተፋች። የአውሮፓው ኤንቪሳት ሳተላይት በራዳር ያነሳቸው ምስሎች ከፍንዳታው በፊትና በኋላ ሲነጻጸሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ፣ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቅልጥ አለት ከሥር እንደገባበት ታወቀ። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብለን ብናሰላ የ400 ዓመት መለያየት በቀናት ተከናወነ ማለት ነው። አህጉር በዝግታ በመጎተት ብቻ እንደሚቀደድ የሚታሰብበት ዘመን እዚህ አበቃ ለማለት እደፍራለሁ፤ ቀዳጁ ቅልጥ አለቱ ራሱ ነው፤ ለብዙ ዘመን ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ይሰነጥቃል።

ይኸው ስምጥ ለሰው ልጅ ታሪክም የቀን መቁጠሪያ ሆኗል። የእሳተ ገሞራ አመድ በዕድሜው ይለያልና፣ በሁለት የአመድ ንብርብር መካከል የተገኘ አጥንት ዘመኑ ይታወቃል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ፣ ኋላም ጫላቸው ስዩም እ.ኤ.አ. በ2013 በሌዲ ገራሩ ያገኘው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው የሆሞ መንጋጋ በዚህ መንገድ ተቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በኦሞ ኪቢሽ ከተገኘው የሰው አጥንት በላይ ያለው አመድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው የሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑ ተለይቶ፣ የአጥንቱ ዕድሜ ከ195000 ወደ ቢያንስ 230000 ዓመት ከፍ አለ። ሰዎች በዚያ ዘመን ሲኖሩ ቀይ ባሕርም በደናክል ይገባና ይወጣ ነበር፤ በዳሩ ላይ 125000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የኮራል ቅሪት ይታያል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲተን የተወው ጨው በአንዳንድ ሥፍራ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። አያቶቻችን በገንዘብነት የተገበያዩበት አሞሌ የዚያ ባሕር ቁራጭ ነው።

የዛሬው ምርምር የሚጠይቀው የሙቀቱን ባሕርይ ነው። በኤማ ዋትስ የተመራው ቡድን ከ130 በላይ የእሳተ ገሞራ አለት ናሙናዎችን ከአፋርና ከስምጥ ሸለቆው ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ያወጣው ውጤት፣ ከአፋር ሥር የሚወጣው ማንትል በአንድ መጠን የሚፈስ ሳይሆን በየጊዜው እየጨመረና እየቀነሰ እንደሚመጣ፣ የኬሚካል አሻራውም በሦስቱ ስንጥቆች ላይ በተለያየ ርቀት እንደሚደጋገም አሳይቷል። ቅርፊቱ በቀጠነበትና በፍጥነት በሚከፈተው በቀይ ባሕር በኩል ግፊቱ በቀላሉ ይራመዳል። ስለዚህ የላዩ ንጣፍ የሥሩን ፍሰት ይመራዋል፤ ከላይና ከታች ያለው አንዱ ሌላውን ይቀርጻል።

ምድሪቱም ጥናቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መንቀጥቀጡ ተከታተለ፤ ታኅሣሥ 25 ቀን ዶፈን ላይ እንፋሎትና አቧራ ፈነዳ፣ የካቲት 7 ቀን የመንቀጥቀጡ መጠን 6.0 ደረሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ፤ የከሰም ግድብ ይሰነጠቅ ይሆን የሚል ሥጋት ሰፈነ፤ አዲስ አበባ ላይ የፎቅ ነዋሪ በሌሊት ደረጃ ወረደ። በሐምሌ የአፋሩ እሳተ ገሞራ ኤርታሌ ሲፈነዳ ቅልጥ አለት ከምድር በታች ወደ ደቡብ መሄዱን ሳተላይቶች አሳዩ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በኤርታሌ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለው፣ ፍንዳታው በታሪክ ተመዝግቦ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ አመዱን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወረወረ። አፍዴራ ላይ አመዱ ግጦሹን ሸፈነው፤ ደመናው በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰና በረራዎች ተሰረዙ።

ዳባሁ፣ ፈንታሌና ሃይሊ ጉቢ በአንድ ላይ ሲታዩ፣ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ወይም 2 ሴንቲ ሜትር የሚለው አማካይ ቁጥር ለመማሪያ መጽሐፍ እንጂ ለመሐንዲስ እንደማይሆን ግልጽ ይሆናል። ስምጡ ለመቶ ዓመታት ሊተኛ፣ በአንድ ሳምንት ደግሞ ሜትሮች ሊከፈት ይችላል። በወለሉ ላይ ያሉት የአዋሽ ከተሞች፣ የጅቡቲ ባቡር መስመር ክፍልና የስኳር ፋብሪካዎቹ የተሠሩት ደግሞ ከ1898ቱ የላንጋኖ መንቀጥቀጥ በኋላ ነው።